ኤልዲኤች 612፦ ደሙ ስለ ወንድሜ ምን እያለ ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታላቅ ወንድሜ አንገቱ ላይ ካበጠው ንፍፊት ናሙና ተወስዶ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ነው ተባለ። ዓይነቱ ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል የሚባለው ነው። ደረጃው 3፣ ዕድሜው 52። ሐኪሟ ስለ ሕክምናው ረጋ ብላ አስረድታናለች፣ በእሷ ቅሬታ የለኝም። ጣጣው የመጣው ቤት ገብቼ የደም ውጤቱን ወረቀት ሳገላብጥ ነው። ኤልዲኤች በሚባለው ኢንዛይም መስመር ላይ 612 ተጽፏል፣ ከጎኑ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አለች። ያቺ ቀስት እንቅልፍ ነሳችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ስጎረጉር አደርኩ። ያገኘሁት ሁሉ ኤልዲኤች ከፍ ካለ ጥሩ አይደለም የሚል ነው። ምን ያህል ጥሩ እንዳልሆነ፣ ለማን፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ የሚነግረኝ አጣሁ።

ጥያቄዬ ይኸው። የደም ምርመራ ሊምፎማ ያለበት ሰው ወደፊት እንዴት እንደሚሆን መናገር ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነስ የትኛውን ቁጥር ነው የምናምነው?

(ቆይቶ የተጨመረ፦ የውይይቱ ክር በጣም ስለረዘመ፣ አዲስ የሚመጣውም ሁሉ ያንኑ ስለሚጠይቅ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል እዚህ ሥር አስፍሬያለሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴን አስተያየት እዚያው ጣል አድርጌያለሁ፣ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ።)

መልስ 1፦ ሕክምናዋን ጨርሳ ዓመታት የቆየች እህት ናት። አጽናናችኝና ወዲያው ወደ ጥያቄ ገባች። የላብራቶሪው የላይኛው ወሰን ስንት ነው? እሱ ካልታወቀ 612 ብቻውን ምንም አይናገርም ነው የምትለው። የመለኪያ ዘዴው ስለሚለያይ የአንዱ ቤት ወሰን ከሌላው አይገጥምም። እሷ ራሷ መሃል ላይ ላብራቶሪ ቀይራ ቁጥሯ ድንገት ሲዘል በሽታው ያገረሸ መስሏት ሁለት ቀን አልቅሳለች። ወሰኑም አብሮ መዝለሉን ያየችው በሦስተኛው ቀን ነው።

መልስ 2፦ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። በሁለት መስመር ኤልዲኤች ከፍ ካለና ደረጃው 3 ከሆነ በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሹ ሰው እንደሚሞት ጽፎ ወጣ። አንብቤ እግሬ ተብረከረከ።

መልስ 3፦ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፣ ለዚህ ክር ትልቁን ውለታ ከዋሉት አንዱ። ኤልዲኤች የካንሰር ምልክት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። በሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኝ ኢንዛይም ነው። ሴል ሲሞት ወይም ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። ሊምፎማው በፍጥነት እየተባዛ እየሞተ ከሆነ ይጨምራል። ጉበት ሲታመም፣ ጡንቻ ሲጎዳ፣ ከከባድ ስፖርት በኋላም ይጨምራል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ደሙ ሲቀዳ ተቸግረው ከሆነ፣ መርፌው ቀጭን ከነበረ፣ ቱቦው ተንጦ ከሆነ፣ ሴሎቹ እዚያው ቱቦ ውስጥ ይሰባበሩና በሽተኛው ውስጥ የሌለ ኤልዲኤች ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፖታሲየሙም አብሮ ያላግባብ ከፍ ብሎ እንደሆነ እዪ፣ ከታች በትንሽ ፊደል ስለ ናሙናው የተጻፈ ማስታወሻ ካለም አንብቢ፣ ከተጠራጠራችሁ ድጋሚ ይቀዳ የሚል ነው ምክሩ። በሥራ ዘመኑ ስንት ቤተሰብ በአንድ በተበላሸ ቱቦ ምክንያት ሲደነግጥ እንዳየ ሲጽፍ ድካሙ ከፊደሉ ይሰማል።

መልስ 4፦ እኔ ነኝ። ወሰኑ 250 መሆኑን ጻፍኩ። ፖታሲየሙ ደህና ነው። በሳምንቱ የተደገመው ምርመራ 598 አለ። ስለዚህ የቱቦ ስህተት አይደለም፣ እውነት ነው። ወንድሜ ሥራውን እየሠራ፣ ደረጃ እየወጣ እየወረደ መሆኑን፣ በሽታውም ከንፍፊት ውጭ የትም እንዳልታየ ጨመርኩ።

መልስ 5፦ የደም በሽታዎች ሐኪም ነኝ የሚል ሰው። ማንነቱን ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን በኋላ እየፈተሽኩ ባየሁት አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። መጀመሪያ የቁጥር 2ን አረመ። ያቺ ግማሽ የምትባል ነገር ከየት እንደመጣች ያውቃል። በ1993 የወጣው ዓለም አቀፉ የትንበያ ነጥብ፣ አይፒአይ የሚሉት፣ አምስት ነገር ይቆጥራል። ዕድሜ ከ60 በላይ መሆን፣ ኤልዲኤች ከወሰን ማለፍ፣ ደረጃ 3 ወይም 4 መሆን፣ ሰውየው ሥራ መሥራት አቅቶት በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ አልጋ ላይ መዋል፣ በሽታው ከንፍፊት ውጭ ከአንድ በላይ ቦታ መገኘት። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ወንድሜ ሁለት አለው፣ ኤልዲኤቹና ደረጃው። በዚያ በ1993ቱ ሰንጠረዥ ሁለት ነጥብ ያላቸው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት 51 በመቶ ነበሩ።

ግን እነዚያ ሰዎች የታከሙት ሪቱክሲማብ (ዛሬ ከኬሞ ጋር የሚሰጠው መድኃኒት) ከመምጣቱ በፊት ነው። መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በ1997 ነው። በ2007 ሪቱክሲማብ የወሰዱ ሰዎች ላይ ያው ነጥብ እንደገና ሲሰላ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ካላቸው መካከል ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 79 በመቶ ሆኑ። ያው ሁለት ነጥብ፣ ሌላ ዘመን። ኤልዲኤቹ አልተለወጠም፣ መድኃኒቱ ተለወጠ። እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

መልስ 6፦ ቁጥር 2 ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቶ። እኔ ቁጥር ስጽፍ ጨካኝ ተባልኩ፣ ሐኪም ሲጽፍ ሁሉም አመሰገነ ነው ነገሩ። ሰው እውነቱን እየጠየቀ ማባበያ እንደሚፈልግም ጻፈ። ሐቁን ለመናገር፣ ግማሽ መንገድ ልክ ነው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፣ ያረጀ ነበር። ነገር ግን ቀኑን ሳይጽፉ ቁጥር መወርወር ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንደ መስጠት ነው ብዬ መለስኩለትና እዚያው ቀረ። ለጊዜው።

መልስ 7፦ አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ፣ ጥሩ ጥያቄ። ወሰኑ 250 ከሆነ 251 ያለው ሰው አንድ ነጥብ ሲያገኝ 249 ያለው ዜሮ ማግኘቱ እንዴት ነው የሚለው። 2,000 ያለውም ያው አንድ ነጥብ ነው ወይ?

መልስ 8፦ ሐኪሙ (ቁጥር 5) ጥያቄውን ወደደው። ይኸው ቅሬታ ነው በ2014 የተሻሻለ ነጥብ ያስወጣው፣ ኤንሲሲኤን አይፒአይ ይባላል። እዚያ ላይ ኤልዲኤቹ ለላይኛው ወሰን ተካፍሎ ነው የሚታየው። ከወሰኑ አልፎ እስከ ሦስት እጥፍ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ከሦስት እጥፍ ካለፈ ሁለት። 612 ለ250 ሲካፈል ወደ ሁለት ተኩል ነው፣ ስለዚህ አንድ። ዕድሜም በእርከን ነው፣ ከ41 እስከ 60 አንድ ነጥብ። ከደረጃው ጋር የወንድሜ ድምር ሦስት ሆነ፣ ከአራቱ ምድቦች ከታች ሁለተኛው። በዚያ ምድብ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 82 በመቶ ናቸው።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ረገጥ አድርጎ ጻፈ። 82 በመቶ ማለት ወንድሜ 82 በመቶ ይኖራል ማለት አይደለም። ሰው በመቶኛ አይኖርም። እሱን የሚመስሉ መቶ ሰዎች ቢሰለፉ 82ቱ አሉ ማለት ነው፣ እሱ ከሰልፉ የትኛው ጋ እንደቆመ ግን ደሙ አይናገርም። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ ያደርኩት ሰልፉን ሳይሆን እሱን ነበር።

መልስ 9፣ 10 እና 11፦ የሆጅኪን (ሌላ ዓይነት ሊምፎማ ነው) ሰዎች ገቡ። አንዷ ለእሷ የተለካው ኤልዲኤች ሳይሆን ኢኤስአር (ቀይ የደም ሴል ቱቦ ውስጥ የሚዘቅጥበት ፍጥነት) እንደነበረ ጽፋ የእኛ ሐኪም ረስታ ይሆን ብላ አስደነገጠችኝ። ሌላው ደግሞ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) ካልታየ ትንበያ የለም ብሎ ነጎደ። ሦስተኛው ረጋ ያለ ሰው ሁለቱንም አስታረቀ። ሆጅኪን ሌላ በሽታ ነው፣ ሚዛኑም ሌላ። እዚያ ገና ደረጃው ዝቅ ባለ ጊዜ ኢኤስአር ይታያል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ለሌለው ሰው 50 ሲደርስ፣ ላለው ሰው 30 ሲደርስ እንደ ስጋት ይቆጠራል። ለገፋው ደረጃ በ1998 የወጣ ሰባት ነገር የሚቆጥር ነጥብ አለ። ከሰባቱ አራቱ ከተራ የደም ምርመራ ነው የሚገኙት። አልቡሚን ከ4 ግራም በታች፣ ሄሞግሎቢን ከ10.5 በታች፣ ነጭ የደም ሴል 15,000 እና ከዚያ በላይ፣ ሊምፎሳይት (አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ከ600 ወይም ከ8 በመቶ በታች። ኤልዲኤች ከሰባቱ ውስጥ የለም። ታዲያ የሆጅኪኑን ሚዛን አምጥቶ ለወንድሜ መመዘን በሰው ጫማ መሄድ ነው።

ከዚህ በታች ስለ አልቡሚን ረጅም ክርክር ተነስቶ ነበር። ዝቅ ያለው ስላልበላ ነው፣ ፕሮቲን ይብላ የሚሉ ነበሩ። በእርግጥ አለመብላትም ይጎዳዋል። ግን ሰውነት ሲቆጣ ጉበት አልቡሚን መሥራቱን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ በብዛት የሚያሳየው የበሽታውን ቁጣ ነው። ሌላውን ዘለልኩት።

መልስ 12፦ አንድ ወንድም የሌሊት ላብ የሚለውን አንብቦ በሌሊት የሚሠራ ላብራቶሪ መስሎት የት እንዳለ ጠየቀ። እውነቱን ነው እኮ! ላብራቶሪውንም ላብ፣ ላቡንም ላብ እያልን ማን ይለያል? ከዚያ በኋላ አሥር ሰው ያህል ቀልድ ጻፈ፣ እኔም ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ለማያውቅ ግን፣ ምልክት የሚባለው ላብ ልብስና አንሶላ የሚያርስ ዓይነት ነው፣ ክፍሉ ስለሞቀ የሚመጣው አይደለም።

መልስ 13፦ አባቷ ፎሊኩላር ሊምፎማ (ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት) ያለባቸው እህት። የእሳቸው ሐኪም የሚያየው ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ከሴሎች ገጽ ላይ እየተላቀቀ ደም ውስጥ ይገባል፣ ዕጢው ሲበዛ ይበዛል። በ2009 በወጣው ሁለተኛው የፎሊኩላር ነጥብ ውስጥም አለ። የአባቷ ከወሰኑ በብዙ አልፎ ሲገኝ ቤተሰቡ በሙሉ አዘነ። ለካ አባትየው ኩላሊታቸው ለዓመታት ደክሟል። ይህን ፕሮቲን ከደም የሚያጸዳው ኩላሊት ስለሆነ እሱ ሲደክም ሊምፎማ ባይኖርም ይከማቻል። ክሬያቲኒን (የኩላሊት መለኪያውን) ሳያዩ ቤታ 2ን ማንበብ አይቻልም ብላ ጨረሰች። ይቺን መልስ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳት። አንድ ቁጥር ብቻውን ቆሞ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ጎረቤት አለው።

መልስ 14፦ ኤልዲኤች በሦስት ሳምንት የሚያወርድ ጭማቂ አለኝ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። (አወያዩ በኋላ አጥፍቶታል።)

መልስ 15፦ የላብራቶሪው ሰው (ቁጥር 3) እንደዚህ ሲቆጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ቁጥሩን ማውረድና በሽታውን ማውረድ የተለያዩ ናቸው፣ የነዳጅ መለኪያውን መርፌ በጣት ገፍቶ ታንኩ ሞላ እንደ ማለት ነው ሲል ጻፈ። ከዚያም አልፎ ከኬሞ ጋር ምን እንደሚጋጭ የማይታወቅ ነገር ለታመመ ሰው መሸጥ ነውር መሆኑን በማይደገም ቃል ነገረው። እኔም ቃሉን አልደግመውም፣ ሐሳቡን ግን እደግፈዋለሁ።

መልስ 16፦ ይሄ መልስ ክሩን አዞረው፣ ለእኔ ቢያንስ። ነርስ ናት፣ የኬሞ ክፍል ውስጥ የሠራች። ስለ ኤልዲኤች አንድ ቃል ሳትጽፍ የሄፓታይተስ ቢ ውጤታችሁ ስንት አለ ብላ ጠየቀች። ሪቱክሲማብ ቢ ሴሎችን (በሽታ ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች አንዱን ዓይነት) ነው የሚያጠፋው። ሰውየው ጉበቱ ውስጥ የተኛ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ካለው፣ ድሮ ይዞት አልፎታል የተባለ እንኳ ቢሆን፣ በሕክምናው ምክንያት ሊነቃና ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን የተደረገው በ2013 ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት የቫይረሱ የገጽ አንቲጅንም (ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳየው) የኮር አንቲቦዲውም (ድሮ ይዞ ያለፈ መሆኑን የሚያሳየው) ይታያሉ፣ ከተገኘ መከላከያ መድኃኒት ይጀመራል። ኤልዲኤች ትንበያ ነው፣ ይሄኛው ግን ዛሬ የሚደረገውን ነገር ይለውጣል። እናንተ ቀስቷን ስታዩ ቀስት የሌለው መስመር አለፋችሁ ብላ ቆጣ አለች።

መልስ 17፦ እኔ። ወረቀቱን ሦስቴ ገለበጥኩት፣ ሄፓታይተስ የሚል የለም። የሚቀጥለው ሰኞ መጀመሪያው ዙር ነበር። ጠዋት ደወልኩ። ምርመራው ተሠርቷል፣ ሁለቱም ኔጌቲቭ ነው፣ ውጤቱ ሌላ ገጽ ላይ ስለሆነ እኛ እጅ አልደረሰም። ሐኪሟ ስለጠየቅኩ ደስ አላት እንጂ አልከፋትም። በዚያው ስለ ኤልዲኤቹም አነሳሁባት። እሷ ቁጥሩን ለትንበያ ብቻ እንዳላየችው ነገረችኝ። ዕጢው በብዛት ሲሞት የሚለቀቀው ዩሪክ አሲድና ፖታሲየም ኩላሊትና ልብ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኤልዲኤች ከፍ ላለበት ሰው ቀድማ ብዙ ፈሳሽና አሎፑሪኖል (ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ ክኒን) ታዛለች። ወንድሜ ከአንድ ቀን በፊት መውሰድ የጀመረው ክኒን ለካ ከዚያች ቀስት የመጣ ነው። እኔ ቀስቷን የሞት ፍርድ አድርጌ ሳነብ እሷ የሥራ ትእዛዝ አድርጋ አንብባታለች።

መልስ 18፦ አንዱ ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት (ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው) አካፍሎ ሰባት ስላገኘ ነገሩ አበቃለት ብሎ አለቀሰ። ሐኪሙ መቼ የተቀዳ ደም እንደሆነ ጠየቀው። ፕሬድኒሶን የሚባለውን ስቴሮይድ ከጀመረ በሦስተኛው ቀን! ስቴሮይድ ኒውትሮፊሉን ከፍ ያደርጋል፣ ሊምፎሳይቱን ያወርዳል፣ ስለዚህ ያካፈለው ክኒኑን ነው። በዚያ ላይ የዚህ ማካፈል መቁረጫ ቁጥር ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ አይመችም።

መልስ 19፦ እሱን ተከትላ ሌላዋ የራሷን አመጣች። በሁለተኛው ዙር መሃል ኤልዲኤቿ እንደገና ሽቅብ ወጣ፣ ኬሞው ከሸፈ ብላ ቦርሳዋን ይዛ ሆስፒታል ሮጠች። ነጭ የደም ሴል የሚያሳድገውን መርፌ ከወሰደች ገና አራት ቀኗ ነበር። መቅኔው ሥራ ሲበዛበት ኤልዲኤች ይጨምራል። በሳምንቱ ወረደ።

መልስ 20፦ አዲስ ነገር የሚከታተል ሰው ስለ ዕጢ ዲኤንኤ ጻፈ። ዕጢው ሲሞት የራሱን ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ይጥላል፣ ያ ቁርጥራጭ በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ የዛሬን ነው የሚያሳየው። በ2018 በወጣ ጥናት ከአንድ ዙር በኋላ መቶ እጥፍ የቀነሰላቸው፣ ወይም ከሁለት ዙር በኋላ ወደ ሦስት መቶ እጥፍ ገደማ የቀነሰላቸው ሰዎች ካልቀነሰላቸው በግልጽ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ልዩነቱ ገባኝ። አይፒአይ ገና ሳይጀመር በር ላይ ቆሞ የሚገምት ነው፣ ይሄኛው መድኃኒቱ ሲገባ ምን እንደሆነ ያያል። ጸሐፊው ራሱ ግን ሁሉም ሆስፒታል የሚሠራው ምርመራ እንዳልሆነ፣ መነሻ ናሙናም ከሕክምናው በፊት መያዝ እንዳለበት አስጠንቅቋል።

መልስ 21፦ ባለቤቱን በዚሁ በሽታ ያጣ ሰው። አጭር ነው የጻፈው። የእሷ ኤልዲኤች ወሰኑ ውስጥ ነበር። ደረጃዋ 2፣ ዕድሜዋ 38። ሁሉም ነጥብ ጥሩ ምድብ ውስጥ አስቀምጧት ነበር፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ነበራቸው። በ11ኛው ወር አረፈች። ማንንም ለማስፈራራት እንዳልጻፈ፣ ግን ሰዎች በጥሩ ቁጥር ሲጨፍሩ ሲያይ ዝም ማለት እንዳቃተው ተናገረ። ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም። ከዚያ መጀመሪያ የጻፈው ማን ይመስላችኋል? ቁጥር 2። አዘኔታውን ገለጸ፣ ባለፈው የጻፈውም ከራሱ እናት ሕመም ጋር የተያያዘ እንደነበረ ነገረን። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ አልጠበቅኩምም።

መልስ 22፦ ሐኪሙ ለሁሉም አንድ ነገር ጨመረ። በዚህ ዓይነት ሊምፎማ ከምርመራው ጀምሮ 24 ወር ሳያገረሽ ካለፈ፣ የሰውየው ዕድሜ በእኩዮቹ ከሚጠበቀው ጋር እንደሚቀራረብ በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በፎሊኩላር ደግሞ በተቃራኒው፣ በ24 ወር ውስጥ የሚመለስባቸው አምስተኛው ያህል ሰዎች ናቸው ከበድ ያለ አካሄድ የሚያዩት። ይሄ የደም ምርመራ አይደለም፣ ቀን መቁጠሪያ ነው።

መልስ 23፦ ቁጥር 1 እህታችን ተመለሰች። ሕክምናውን ከጨረሰች በኋላ በየሦስት ወሩ ኤልዲኤች ስታሠራ ኖራለች፣ ከምርመራው በፊት ያለውን ሳምንት ሰው አታናግርም ነበር። ሦስት ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ምክንያት ተገኘለት። ሐኪሟ በክትትል ጊዜ ከፍ የሚለው ኤልዲኤች አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው መመለስ እንዳልሆነ፣ በሽታውም ሲመለስ በብዛት ቀድሞ የሚናገረው ሰውየው ራሱ እንደሆነ፣ አዲስ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ላብ (የትኛው ላብ እንደሆነ ታውቃላችሁ) እያለ እንደሆነ አስረድቷት ነበር። ለማመን ሁለት ዓመት ፈጀባት።

መልስ 24፦ እኔ። ሁለተኛው ዙር አልቋል። ኤልዲኤች 238። ቀስቷ የለችም። ሐኪሟ ጥሩ ነው አለች፣ ግን ፔት ስካኑን (ንቁ ዕጢ የሚያሳየውን ምስል) ሳታይ ከዚህ የበለጠ ቃል አልወጣትም፣ እኔም አልገፋኋትም። የአንገቱ እብጠት በእጅ አይገኝም። እኔ እንደሆነ ወረቀቱ ሲመጣ አሁንም መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው እዚያ መስመር ላይ ነው። ልማድ ሆኗል።

መልስ 25፦ ወንድሜ! ሳልነግረው ክሩን አግኝቶ ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። ለሁላችሁም ምስጋናውን አቅርቧል፣ ለቁጥር 21 ለብቻው ጽፎለታል። ስለ ኤልዲኤቹ፣ ስለ መቶኛው፣ ስለ ሰልፉ ምንም አላለም። አንድ ቅሬታ ብቻ ነው ያለው። ዕድሜውን 52 ብዬ ጽፌያለሁ፣ እሱ 51 ነው፣ ገና አምስት ወር ይቀረዋል፣ ይስተካከልልኝ ብሏል።

መልስ 26፦ ሐኪሙ አስልቶ መለሰለት። ነጥቡ አይቀየርም።